ስቴይንና የእትዬ አንጓች ኩታ

ባለፈው ወር ደብረ ታቦር መናኸሪያ ቁጭ ብዬ የመካነ ኢየሱስ መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ፣ አንድ ጎልማሳ ከየት መጣ ሳልለው ጉልበቴ ላይ ተደፋ። ቀና ሲል ፊቱን አየሁት፤ አላወቅሁትም። ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፤ ሆዱ ቀደም ቀደም ይላል። «ጋሼ፣ ሙሉቀን ነኝ እኮ! ንፋስ መውጫ በክረምት እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ» አለኝ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሰው እርሳስ የሚያኝክ ቀጭን ልጅ ነበር፤ ዛሬ ጤና መኮንን ሆኗል። ሻይ ካልጋበዝሁ ብሎ እጄን ይዞ ወሰደኝ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራው፣ በሞት ስለተለዩን ጓደኞቹ ሲያወራኝ ቆይቶ ድንገት «ጋሼ፣ ዕድሜ ልኬን የከነከነኝን ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «ያኔ ስቴይን የምትል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማሩን። አያት ቅድመ አያቷን ሳይቀር ቆጠሩልን። መጨረሻ ላይ ድምፅዎ ተሰበረና ጠመኔውን አስቀምጠው ወጡ። ምን ሆነው ነበር?» «ጉንፋን ይዞኝ ነበር» አልሁት። ሻይ የጋበዘኝን ልጅ፣ በስልሳ ምናምን ዓመቴ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት። መንገዱን ሁሉ ሲቆጨኝ መጣሁ። እውነቱ የሚጀምረው ከአንዲት ሴት ኩታ ነው፤ ለሙሉቀን ያልነገርሁትን እዚህ ልጻፈው።

ንፋስ መውጫ የገባሁት ከእስቴ ተዛውሬ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ ባጃጅ ከመምጣቱ በፊት ነው። ለከተማዋ ስም ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም፤ ጋቢ ሳይደርብ ከቤት የወጣ ሰው ጆሮውን በመዳፉ ይዞ ነበር የሚራመደው። የአንድ ክፍል ቤት ኪራይ በወር አሥራ አምስት ብር ነበር። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል፤ ያውም ስኳሩ ከንፈር የሚያጣብቅ። ኮረዶቹ ሸራ ጫማ በነጭ ካልሲ ያደርጋሉ፤ ጎረምሶቹ ከሰልቫጅ ተራ ሰፊ ሱሪ ገዝተው ልብስ ሰፊ ዘንድ ያስጠብባሉ። እኔም ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ግራጫ ኮት ነበረኝ፤ እሱን ስለብስ ከራሴ በላይ የተማርሁ ይመስለኝ ነበር። ገበያው መግቢያ ጥግ ላይ ካሴት የሚቀዳ ልጅ ነበር። ጠዋት አንድ ዘፈን ከከፈተ እስከ ማታ እሱኑ ነው፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮት ይደክምና ድምፁ እየተጎተተ ይቀራል። ዛሬ በዚያ ጥግ የስልክ ልባስና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጣሉ። አምና ሄጄ አይቼዋለሁ። ዕቃው ሁሉ ያብለጨልጫል፤ እኔ ግን ቆሜ የምሰማው ያንን የሚጎተት ድምፅ ነበር።

የተከራየሁት ከእትዬ አንጓች ግቢ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸው ያየህ ጎንደር የመኪና ረዳት ነው። ስለዚህ በግቢው የምንኖረው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። ኑሯቸው አለላ ነበር። አክርማ የሚባለውን ሣር ይሰነጥቁና በቀለም ነክረው፣ አድርቀው፣ ስፌት ለሚሰፉ ሴቶች ይሸጣሉ፤ የዚያን አገር መሶብና ሌማት ያደመቀው እንዲህ ያለ እጅ ነው። ከሸማኔ እስከ ዳኛ ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ፤ እንደ እትዬ አንጓች ሥራውን የሚያከብር ግን አላየሁም። ዱቄቱን ቀለም በማንኪያ አይለኩም፤ በጣታቸው ቆንጥረው ውኃው ላይ በትነው ቀለሙ እንዴት እንደሚሄድ ያያሉ። አክርማው ወጥቶ ከመሰቀሉ በፊት ደግሞ የራሳቸውን እጅ እስከ አንጓው ይነክሩና በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባሉ። ቀለሙ ከእጃቸው ከለቀቀ ድስቱን ሙሉ ይደፉታል። «ከእጄ የሚለቅ ቀለም ከሰው መሶብም ይለቃል። የሰው እንጀራ አላቀልምም» ይሉ ነበር። እጃቸው ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ወይን ጠጅ ነው። ገበያ ላይ ሰዎች ለቀልድ ክንዳቸውን ነበር ለሰላምታ የሚዘረጉላቸው፤ እሳቸውም ጨዋታ ያውቃሉና ክንዱን ትተው ጉንጭ ይዳብሳሉ።

ልጃቸው ያየህ አንድ ጊዜ ክፉኛ ታሞ ነበር አሉ፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው። ሐኪሙም ፀበሉም አልሆን ሲል እትዬ አንጓች ተሳሉ። «ልጄን ከማርህልኝ በእጄ ፈትዬ ለየኔታ ኩታ አለብሳለሁ» ብለው። የኔታ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ድጓ የሚያስተምሩ ዓይነ ስውር መነኩሴ ናቸው፤ የእትዬ አንጓች ባል የእሳቸው ተማሪ ነበሩ። ልጁ ዳነ። እትዬ አንጓችም ጥጡን ገዝተው መፍተል ያዙ። አንድ ዓመት ሙሉ ሲፈትሉ አይቻለሁ። ከመፍተላቸው በፊት እጃቸውን በአመድና በሎሚ ይፈትጉታል፤ አይለቅም፤ ግን ይፈትጉታል። ድሩ የተቋጠረበት ቦታ እንዳይገኝ ብለው የተበጠሰውን ክር እየጣሉ እንደገና ይጀምሩ ነበር። ሸማኔው ጨርሶ ሲያመጣው ለቡሄ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ቡሄ የቆሎ ተማሪ በዓል ነው፤ ስለቱ የሚገባው የዚያን ዕለት ነው። ኩታውን ዘርግተው አሳዩኝ። እንደዚያ ያለ ንጣት ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

በማግሥቱ የሆነው ይህ ነው። ጾመ ፍልሰታ ነውና እትዬ አንጓች በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት የነከሩትን አክርማ በረንዳው ላይ፣ ከእኔ መስኮት ፊት ለፊት ሰቅለውት ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል። እኔ ክረምት የማስተምራቸውን ልጆች ፈተና ላርም ተቀምጫለሁ፤ በአክርማው ምክንያት ቤቱ ጨለመብኝ። ተነሣሁና እስሩን ሁሉ አንሥቼ በረንዳው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከመደቡ በላይ ካለው ምስማር ላይ ሰቀልሁት። መደቡ ላይ በነጠላ የተሸፈነ ነገር ነበር፤ ገልጬ አላየሁም። ለአፍታ ነው፣ አርሜ ስጨርስ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ወረቀቴን ሰብስቤ ወደ ትምህርት ቤት ሮጥሁ፤ አክርማውንም ረሳሁት።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ እትዬ አንጓች መደቡ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ኩታው ጭናቸው ላይ ነው። መሐሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ወይን ጠጅ፣ ከጎኑ ደግሞ ሁለት ትንንሽ። አላለቀሱም። ቀና ብለው አዩኝና «መምህር፣ አክርማውን አንሥተኸው ነበር?» አሉኝ።

«ኧረ እኔ አልነካሁም፤ እትዬ» አልሁ።

ለምን እንደዋሸሁ ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። ከቤት ያባርሩኛል ብዬ አይደለም። ያ ስፖንጅ ያለው ኮት ያስዋሸኝ ይመስለኛል፤ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ጅል ነገር ይሠራል? እሳቸው ግን ሁለተኛ አልጠየቁኝም። «አንተ ካልነካኸው እንግዲህ ሰው አልነካውም» አሉ። «እኔ መስኮትህ ጋ መስቀሌን አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን የሚያመጣው አንድ እሱ ነው። ስለቴን አልወደደውም ማለት ነው።» ቀጥለው ያሉት ነው የባሰብኝ። «ያየህንስ ደኅና ያውልልኝ ይሆን? ወረቀት ጻፍልኝ መምህር፣ ደኅና ነህ ወይ ብለህ።» ጻፍሁላቸው። በገዛ እጄ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ‹እናትህ ስለ ጤንነትህ በጣም አስባለች› ብዬ ጽፌ ለሾፌር ሰጠሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሽማግሌ ያማክራል ወይም ንስሐ አባቱ ጋ ይሄዳል። እኔ የሄድሁት ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሽፋኑ የወለቀ፣ አይጥ የቀመሰው አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበረን። ቀለም የነካው ልብስ በምን እንደሚለቅ ይነግረኛል ብዬ ስቴይን የሚለውን ቃል ገለጥሁ። የእንግሊዝኛ መምህር ካልሆነ በቀር እንዲህ የሚሳሳት የለም! መድኃኒቱን አልነገረኝም፤ የቃሉን ትውልድ ነገረኝ። ሥሯ መንከር ከሚል የላቲን ቃል ነው። ፈረንሳዮች መንከሩን ገልብጠው ቀለም ማስለቀቅ አደረጉት። በሰሜን በኩል ባሕር አቋርጠው የመጡ ሰዎች ደግሞ ቀለም መቀባት የሚል የራሳቸውን ቃል ይዘው መጡ። ሁለቱ እንግሊዝ አገር ተገናኝተው አንድ ቃል ሆኑ፤ የዛሬዋ እድፍና እንከን ከዚያ ወጣች። ማስለቀቁና መቀባቱ አንድ ሆነው መኖራቸው ያን ጊዜ አልገባኝም።

የገባኝ ቤት ስደርስ ነው። «እስቲ እኔ ልሞክረው፤ መጽሐፍ አይቻለሁ» ብዬ ኩታውን ተቀበልሁና በዱቄት ሳሙና ፈተግሁት። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። መዳፍ የሚያህለው ሰፌድ አከለ። ወይን ጠጁ ወደ ሐምራዊ ገረጣና በንጹሑ ላይ ሁሉ ተዘረጋ። ላስለቅቅ ብዬ እኔው ቀባሁት። እትዬ አንጓች አልተቆጡኝም። «ተወው፣ ልፋ ቢልህ ነው» ብለው ጨምቀው ወሰዱት። ተቆጥተው ቢሆን ምነኛ በቀለለኝ!

በማግሥቱ ክፍል ገባሁና የዕለቱን ትምህርት ትቼ ስለዚያች ቃል ማውራት ጀመርሁ። ላቲኑን፣ ፈረንሳዩን፣ ባሕር ተሻጋሪዎቹን። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኛል፤ ለፈተና ይመጣል ብለው ይሆናል። ዓረፍተ ነገር ልስጣቸው ብዬ ጠመኔ አነሣሁና ሳላስብ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ የጻፍሁት «መምህሩ ኩታውን አቆሸሸ» የሚል ሆነ። እንደ ልማዳችን «ድገሙት!» አልሁ። ሃምሳ ልጅ በአንድ ድምፅ መምህሩ ኩታውን አቆሸሸ አለ። ሦስት ጊዜ ነው የምናስደግመው፤ እነሱም ሥርዓቱን ያውቃሉና ሳልጠይቃቸው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እየጮኹ ደገሙት። ያን ጊዜ ነው ጠመኔውን አስቀምጬ የወጣሁት። ሙሉቀን፣ ጉንፋን ያልሁህ ይህን ነው።

ያም ሆኖ አልተናገርሁም። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ይዤ ነበር፤ እኔ ውስጥ ግን ነቅዞ ዱቄት ሆነ። ይባስ ብዬ አንድ ቀን «እትዬ፣ የኔታ እኮ አያዩም። እንዲሁ ቢሰጧቸውስ?» አልኋቸው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ አድርገው አይተውኝ አያውቁም። «እሳቸው ባያዩስ፣ ስለቴን የሰማው አያይም?» አሉ። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ዝናብ ላይ ቆምሁ።

እሳቸው ግን እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሴት አልነበሩም። በአምስተኛው ቀን ትልቁን ድስት አውጥተው ሲያጥቡ አገኘኋቸው። «ነጭ ይሆናል ብዬ አልተሳልሁም፤ በእጄ ፈትዬ ነው ያልሁ። የኔታ መነኩሴ ናቸው፤ ለመነኩሴ ወይባ ወጉ ነው» አሉኝ። ወይባ መነኮሳት የሚለብሱት ወደ ብጫና ቡኒ የሚያደላ ልብስ ነው። የገበያውን ዱቄት አልነኩትም። የመቅመቆ ሥር አስመጥተው ወቀጡ፣ ቀቀሉ፣ አጠለሉ። ውኃው ክንድ ለማስገባት እስኪቻል በርዶ «በስመ አብ» ብለው ኩታውን ነከሩት። ሲያወጡት እድፉ ጠቁሮ ይታያል። አድርቀው እንደገና ነከሩት። ሦስት ቀን፣ ሦስት ጊዜ። እንጨት የማቀብላቸው እኔ ነበርሁ። በየመካከሉ እጃቸውን ነክረው ይታጠባሉ፤ ቀለሙ ያዝ አደረገ አላደረገ ያያሉ፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ፀሐይ ወዳለችበት ጥግ ይሮጣሉ፣ ሲጀምር ተሸክመው ይመለሳሉ። በስድሳ ዓመታቸው፣ በጾም ሆዳቸው። በሦስተኛው ቀን ሲዘረጉት ኩታው የበሰለ ገብስ መስሏል። ትልቁ እድፍ አልጠፋም፤ የት እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ጠቆር ብሎ ይታያል። እኔ ግን ከነጩ ይልቅ አማረኝ፤ ብዬም ነገርኋቸው። «ቢያምርስ፤ ይቀበለኝ አይቀበለኝ እንጃ። ለየኔታ ሁሉንም እነግራለሁ። አይሆንም ካሉኝ ይዤው እመለሳለሁ» አሉ። ከያየህ መልስ አልመጣም ነበር። መኪና በመጣ ቁጥር እስከ መንገዱ ይወጡ ነበር።

የቡሄ ዕለት ኩታውን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለው፣ ለተማሪዎቹ ዳቦ አሸክመውኝ ተነሣን። ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን ጭቃ እያቦካን በእግር ሄድን። ቤተ ልሔም ስንደርስ የተማሪዎቹ ጎጆዎች ከነዜማቸው ተቀበሉን፤ ከየጎጆው ድጓ ይሰማል፤ ከወዲያ ማዶ ጅራፍ ይጮኻል። የኔታ ደጃፋቸው ላይ በግ ቆዳ አንጥፈው ተቀምጠዋል። እትዬ አንጓች መሬት ስመው ኩታውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡላቸው።

«የኔታ፣ ነጭ ነበር» አሉ። «ዓመት የፈተልሁት ነው። ሰው በሌለበት፣ በቤቴ፣ ቀለም ወረደበት። የሰው እጅ ቢሆን አይከፋኝም። ስለቴን ጠልቶት ይሆን? በልጄ ይመጣብኝ ይሆን?»

የኔታ ጨርቁን በጣታቸው ሲዳብሱ ቆዩ። «የሰው እጅ አለመሆኑን በምን አወቅሽ፣ አንጓች?»

«ከእኔ ሌላ በቤቱ የነበሩ መምህር ናቸው፤ ይኸው አብረውኝ መጥተዋል። ጠየቅኋቸው፤ አልነካሁም አሉኝ። መምህር አይዋሹም።»

ዳቦውን መሬት አስቀመጥሁ። «ዋሽቻለሁ፣ የኔታ» አልሁ። «አክርማውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ብርሃን ከለከለኝ ብዬ። ሲጠይቁኝም ካድሁ።»

እትዬ አንጓች ዞረው አዩኝ። ጥፊ ጠበቅሁ፤ እርግማን ጠበቅሁ። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆዩና አነሡት። እልል አሉ። በጎጆዎቹ ያለው ድጓ ቀጥ አለ፤ ተማሪዎቹ ብቅ ብቅ አሉ። ደገሙ፤ ሠለሱ። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። «ሰው ነው! ሰው ነው እኮ የኔታ፣ እሱ አይደለም!» ይላሉ። የኔታ ሳቁ። «እንግዲያስ ኩታዬን አልብሱኝ። በቀለሙ ዓይን ያላችሁ ተከራከሩ፤ እኔ በርዶኛል» አሉ። ተማሪዎቹ ደግፈው አለበሷቸው። ጫፉን ወደ ጉንጫቸው አስጠግተው «አቤት ልስላሴው!» አሉ።

ከዚያ በኋላ እትዬ አንጓች እንደ ልጃገረድ ነበር የሚራመዱት። ዳቦውን ራሳቸው ቆርሰው ለያንዳንዱ ተማሪ ሰጡ። እኔ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ሁሉንም ካዳረሱ በኋላ አንድ ትልቅ ቁራሽ ይዘው ወደ እኔ መጡና አጠገቤ ቆሙ። ማንም እንዳይሰማ ዝግ ብለው ነው የተናገሩኝ።

«መምህር፣ ለኩታው ይቅር ብየሃለሁ። ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከፈጣሪዬ አጣላኸኝ እኮ።»

ዳቦውን በሁለት እጄ ተቀበልሁ፤ ቀና ብዬ ላያቸው ግን አልቻልሁም።